ካሮብ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ክረምቱን አልፎ ፍሬ እንዲሰጥ

ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ዲብስ ኻሩብን በደንብ ያውቁታል። ጥቁርና ወፍራም ሽሮፕ ነው፤ ከጣሂና (ከተፈጨ ሰሊጥ) ጋር ተደባልቆ በዳቦ ይበላል። ይህ ጣፋጭ የሚወጣው ካሮብ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነው። ቆጵሮሶች ድሮ ብዙ ገንዘብ ያስገባላቸው ስለነበር ፍሬውን «ጥቁር ወርቅ» ይሉት ነበር። ዛሬም ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ጣሊያን፣ ሞሮኮና ቱርክ በብዛት ያመርቱታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ርቦት ከአሳማዎቹ ጋር ሊበላ የተመኘውም ይህንኑ ፍሬ ነው።

ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከተመቸው 10 ሜትር ይደርሳል፣ ከ100 ዓመት በላይም ይኖራል። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት ረዘም ብሎ ጠፍጣፋ ነው፤ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሲበስል ቡናማ ይሆንና ይደርቃል። ከሥጋው ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ካፌይን ስለሌለው ለልጆች ወተት ውስጥ ቢገባ አያሳስብም።

ስለ ካሮብ የሚነገረው ሁሉ «ድርቅ ይችላል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይችላል። ለእኛ ግን ዋናው ፈተና ሌላ ነው። ይህ ዛፍ በዓመት ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የለመደ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። እዚህ ካሮብ የሚተክል ሰው ዋና ሥራው ዛፉን ከክረምት መጠበቅ ነው። ከታች የምጽፈው ሁሉ፣ ከጉድጓዱ እስከ ለቀማው፣ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ቦታ መምረጥ

መጀመሪያ ብርዱን ያስቡ። ያደገ ካሮብ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ድረስ ሊቋቋም ይችላል። ችግኝ ግን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ ይጎዳል። ከብርዱ ቢተርፍም ፍሬው ለመብሰል ረጅም የሙቀት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ9 ዲግሪ በላይ የሆነበት ከ5,000 እስከ 6,000 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሱሉልታና የእንጦጦ ጀርባ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚያርፍበት ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ መሬት፣ ለፍሬ አይመከርም። ለጥላና ለውበት ከሆነ ይሞክሩት።

በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ያለው መሬት ዝቅ ይላል። ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞቅ ይላል። ምርጫ ያለው ሰው ወደዚያ ያዘንብል። ሰበታና ለገጣፎ በኩል ያለ ሰው ደግሞ ግቢው ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘውን ተዳፋት ይምረጥ። ረባዳውን ይተዉት። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚተኛው እዚያ ነው፣ የክረምት ውሃም እንደዚያው።

ቀጥሎ አፈሩ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ካሮብ የሚወደው ኖራማና ከአሲድ የራቀ፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው። በሆለታና በእንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ግን አሲድ ይበዛበታል። በአቃቂና በዱከም በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ደግሞ አሲዱ አያስቸግርም፣ ግን ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ሁለቱም ይታከማሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ለቀይ አፈር ኖራ ያስፈልጋል። የአፈር ምርመራ ማሠራት ከቻሉ መጠኑን ባለሙያ ይነግርዎታል። ለአንድ ጉድጓድ በግምት 1 ኪሎ የእርሻ ኖራ ከሚመለሰው አፈር ጋር በደንብ ተቀላቅሎ፣ ከተከላ በፊት አንድ ሁለት ወር ቢቆይ ጥሩ ነው። የቤት አመድም ይረዳል፣ ግን በልክ።

ለመረሬ መፍትሔው ከፍ ማድረግ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ውስጥ መትከል ለካሮብ ገንዳ ማዘጋጀት ነው፤ ውሃው ከዙሪያው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ይልቅ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ጉብታ ይሥሩ። አፈሩን ከሬድ አሽና ከብስባሽ ጋር ያደባልቁት። ሬድ አሽ በቢሾፍቱ መንገድ ለግንባታ እየተጫነ የሚመጣው ቀዩ ኮረት ነው፤ ደቀቅ ያለውን ይምረጡ። ከጉብታው ላይኛ ወገን ውሃ የሚያስቀይስ ትንሽ ቦይ ይቅደዱ። ስንዴና ምስር የሚዘሩ የአካባቢው ገበሬዎች መረሬን በመደብ እያነሱ ውሃውን በቦይ እንደሚያፈሱት ማለት ነው። አጠገብዎ ያለ ገበሬ ካለ ነሐሴ ላይ ወስደው መሬትዎን ያሳዩት። ውሃው የት እንደሚተኛ ሳያይ አይናገርም፤ ካየ ደግሞ አይሳሳትም።

የማያስተማምን መሬት ከሆነ ይፈትኑት። 60 ሳንቲ ሜትር ይቆፍሩ፣ በውሃ ይሙሉት፣ ይስረግ። እንደገና ይሙሉት። በማግስቱ ውሃ ካለበት ያለ ጉብታ አይትከሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ዳር መሬት መንገድ ይወጣበታል፣ አጥር ይነሳበታል፣ ፕላን ይቀየርበታል። ካሮብ ደግሞ የልጅ ልጅ የሚለቅመው ዛፍ ነው። ካርታዎን አውጥተው ድንበርዎን ይዩ፤ መንገድ ከሚነካው ጎን ራቅ አድርገው ይትከሉ። ከቤቱ መሠረት፣ ከሴፕቲክ ታንክና ከውሃ መስመርም ያርቁት፣ ሥሩ ጥልቅና ሰፊ ነው። በዛፍና በዛፍ መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር ይተዉ። መጀመሪያ ሰፊ መስሎ ይታያል። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ምስር መሐሉ ላይ ይዝሩበት።

ወንድና ሴት

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በኋላም የሚያንገበግበው ጉዳይ ይህ ነው።

ካሮብ ወንድ ዛፍ አለው፣ ሴት ዛፍ አለው። ጥቂት ዝርያዎች ደግሞ ሁለቱንም ፆታ በአንድ አበባ ይይዛሉ። ወንዱ የአበባ ዱቄት ይሰጣል እንጂ አያፈራም። ከዘር የበቀለ ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ፆታው በምንም አይለይም። ለማበብ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከዘር ከበቀሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ። አንድ ዘር አብቅሎ ስምንት ዓመት ውሃ ያጠጣ ሰው በመጨረሻ ወንድ ዛፍ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ሴት ብትሆንለትም በአቅራቢያ ወንድ ከሌለ አታፈራም።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ከሚታወቅ ዛፍ የተወሰደ ዓይን (ቡቃያ) ግንዱ ላይ ተያይዞ ያደገበትን፣ ማግኘት ነው። ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ላለው ሰው ሁለቱንም ፆታ የያዘ ዝርያ እመርጣለሁ። ከካሊፎርኒያ የወጣው ሳንታ ፌ እንዲህ ያለ ነው፤ ብቻውን ያፈራል፣ ጣዕሙም የተመሰገነ ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰው እንደ ቆጵሮሱ ቲሊሪያ ያለ የሴት ዝርያ ይዞ፣ ለ10 ሴት 1 ወንድ ቢተክል ይሻለዋል። ችግኝም ሆነ ዘር ከውጭ ሲመጣ የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ የማስገቢያ ፈቃዱን ደግሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን አስቀድመው ይጠይቁ። ሻንጣ ውስጥ ሸሽጎ ማምጣት የሚያስገባው ተባይ ለጎረቤት ማሳ ሁሉ የሚተርፍ ጣጣ ነው። እባክዎ አያድርጉት።

ሁለተኛው መንገድ ከዘር ጀምሮ በኋላ ማዳቀል ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ወጪው ግን ትንሽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ ስምንት አሥር ችግኝ ይትከሉ። ቦታ ከጠበበ ከጎረቤት ጋር ይከፋፈሉ፤ ንብ እንደሆነች አጥር አያግዳትም። ሲያብቡ ወንዱን ከሴቷ ይለዩ። ፍሬዋ ትልቅና ጣፋጭ ከሆነችው ሴት ዓይን እየወሰዱ ትርፍ ወንዶቹን ያዳቅሉ። አንድ ወንድ ይተዉ። ይህን ሁሉ ችግኝ መያዝ ካልቻሉ ከመጀመሪያው የተዳቀለ ይፈልጉ። በአንድ የዘር ችግኝ ዕድልን መሞከር ግን አልመክርም።

ዘሩን ማብቀል

ዘሩ ጠንካራ ነው። ድንጋይ ይመስላል። እንዳለ ቢቀበር ለወራት ላይበቅል ይችላል። ውሃ ያፍሉ፣ ከእሳት ያውርዱ፣ ትንሽ ትንፋሽ ከወሰደ በኋላ ዘሩን ይጨምሩበትና 24 ሰዓት ይተዉት። በማግስቱ ያዩታል፤ ውሃ የገባው አብጦ ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ቀለሙም ፈካ ይላል። ያላበጠውን ለይተው በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ትንሽ ይሸርፉት። ከፍሬው ጋር የተያያዘበት ጠባሳ ያለበትን ጎን አይንኩ፣ ጽንሱ እዚያ ነው። እንደገና ይንከሩት። ያበጠውን ሳያሳድሩ ይዝሩ፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል።

ለዘር የሚሻለው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ሞቅ ይላል። ዘሩ ወደ 25 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ቤት ያስገቡት ወይም በፕላስቲክ ይሸፍኑት። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ችግኝ ማፍያው ላይ አይቆጥቡ። ካሮብ ገና ቅጠል ሳይዝ ቁልቁል አንድ ረጅም ሥር ይልካል። በአጭር ፕላስቲክ ከተዘራ ሥሩ ታች ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ሥር መሬት ከገባ በኋላም አይቃናም። ቁመቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ቱቦ ይጠቀሙ። ለዚህ 2 እጅ አፈር፣ 2 እጅ አሸዋ ወይም ደቃቅ ሬድ አሽ፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ ይበቃል። የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ ያጠጡ። ችግኝ ጣቢያ ላይ ካሮብን የሚገድለው የየቀኑ ውሃ ነው።

መትከል

በእኛ አገር ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ ነው። ለካሮብ ይህ አይሠራም፣ በተለይ መረሬ ላይ። ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ሁለት ወር ሙሉ በጭቃ ውስጥ ይቆማል። እኔ የምለው፣ ጉድጓዱንም ጉብታውንም በሚያዝያና በግንቦት ያዘጋጁ፤ ክረምቱ ይምጣበትና አፈሩ ይረፍ፤ ችግኙን ግን ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም ይትከሉት። እርጥበቱ አለ፣ ፀሐዩ ተመልሷል፣ አየሩ ሞቅ ማለት ጀምሯል። በቀይ አፈር ተዳፋት ላይ ያለ ሰው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢተክልም አይጎዳም።

ለቀይ አፈር ጉድጓዱ 80 በ80 በ80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ያውጡ። ሲመልሱ የላዩ ከብስባሽ ጋር ወደ ሥሩ ይግባ። ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎን ቀደው አፈሩ ሳይፈርስ ያውጡት። ሥሩን በእጅ አይበትኑ። ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበት ቦታ ቱቦው ውስጥ በነበረበት ልክ ይቅር። የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈሩ በግልጽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ረግጠው ያጥብቁ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ያፍስሱበት።

አጥሩን በዚያው ቀን ይሥሩ። ፍየል የካሮብ ቅጠል ትወዳለች፣ ላምም አህያም አይተዉትም። ጃርትና አይጥ ደግሞ ልጡን ይልጡታል። ከላይ እሾህ፣ ከግንዱ ዙሪያ ሽቦ ቢደረግ ሁለቱንም ይመክታል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃል። በልግ ከጣለ ይዝለሉት። በሦስተኛው ዓመት በወር አንዴ፣ ከዚያ በኋላ በጣም ሲደርቅ ብቻ። ደጋግሞ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስባል።

ኅዳር ሲገባ ችግኙ ላይ ድንኳን ይሥሩለት። አራት እንጨት ተክለው ጆንያ ይጣሉበት። ማታ ይሸፍኑ፣ ጠዋት ይግለጡ። ጥር መጨረሻ ላይ ያነሱታል። ጫፉ በውርጭ ቢጠቁር ቶሎ አይቁረጡት፤ መጋቢት ላይ ከየት እንደሚያቆጠቁጥ አይተው ይቁረጡ።

ብስባሽ በዓመት አንዴ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከግንዱ ራቅ አድርገው ይስጡ። ካሮብ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ ግን እንደነሱ በሥሩ አየር ናይትሮጅን ያዘጋጃል ብለው ሳይመግቡ አይተዉት። ክረምት ሊገባ ሲል በግንዱ ሥር የተከመረ ጭድና ሣር ያንሱ። እርጥብ ነገር ከልጡ ጋር ከርሞ ያበሰብሰዋል።

ገረዛው ላይ እጅዎን ይቆጥቡ። የካሮብ አበባ የሚወጣው ከአሮጌ ቅርንጫፍና ከግንዱ ከራሱ ነው፤ አዲስ ቀንበጥ ላይ አይደለም። ደህና አድርጎ «ያስተካከለ» ሰው የሚቀጥሉትን ዓመታት ፍሬ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት አንድ ግንድ አስቀርተው ከ1 ሜትር ከፍታ በላይ ሦስት ወይም አራት ዋና ቅርንጫፍ ያሳድጉ። ከዚያ በኋላ የሞተውን፣ የተሻሸውንና ከተዳቀለበት ቋጠሮ በታች የሚበቅለውን ብቻ ይቁረጡ። ከቋጠሮው በታች የበቀለውን ካልቆረጡት ዝርያውን አፍኖ ይገድለዋል። ይህን ሥራ በበጋ ያድርጉት፣ ቁስሉ ሳይበሰብስ ይደርቃል።

ማዳቀል

ከዘር ያበቀለ ሰው ችግኙ መሬት ይዞ ግንዱ ከእርሳስ ወፈር ሲል ሊያዳቅል ይችላል። ቱቦ ውስጥ ለማዳቀል መጠበቅ ሥሩን ያበላሸዋል፤ መሬት ላይ ማዳቀል ይሻላል። ጊዜው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሞቅ ይላል፣ ልጡም በቀላሉ ይላቀቃል። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ያጠጡና አንዲት ትንሽ ቦታ በምላጭ ከፈት ያድርጉ። ልጡ ሳይቀደድ ከተነሳ ጊዜው ነው። ከተጣበቀ ይቆዩ።

ዓይኑን ከሚታወቅ ዛፍ፣ ካለፈው ዓመት ዕድገት ይውሰዱ። ቅጠሉን ይቁረጡ፣ አገዳውን ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉት። በኋላ ይጠቅማል። ምላጩን በአልኮል ይጥረጉ። በችግኙ ግንድ ላይ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው መጀመሪያ አግድም፣ ከዚያ ከመሐሉ ቁልቁል 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ልጡን ብቻ ይሰንጥቁ። እንጨቱን አይንኩ። ዓይኑን ከነልጡ እንደ ጋሻ ቅርፅ ላጥ አድርገው ከላይ ወደ ታች ሸርተት አድርገው ያስገቡት። የውስጠኛውን ወገን በጣት አይንኩት። በቀጭን ፕላስቲክ ከታች ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙ፣ ዓይኑ ብቻ ብቅ ይበል። ከመቁረጥ እስከ መጠምጠም ያለው ሥራ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ያቺን የተረፈች የቅጠል አገዳ በጣት ነካ ያድርጓት። ወዲያው ከወደቀች ይዟል። ደርቃና ተጨማዳ ከተጣበቀች አልያዘም፣ በሌላው ጎን ይድገሙ። የያዘው ላይ ፕላስቲኩን ይፍቱ፣ ከላይ ያለውን የችግኙን ጫፍ በሁለት ጊዜ ይቁረጡ፤ መጀመሪያ ግማሹን፣ አዲሱ ቀንበጥ አንድ ስንዝር ሲሆን ቀሪውን።

ቦታ የጠበበው ሰው አንድ ዘዴ አለው። በሴቷ ዛፍ አንድ የላይ ቅርንጫፍ ላይ የወንድ ዓይን ያዳቅሉ። ለብቻው ወንድ መትከል አያስፈልግም።

አበባው

የተዳቀለ ካሮብ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት አበባ ሊያሳይ ይችላል። ደህና ፍሬ ግን ከዚያም በኋላ ነው። አበባው ትንሽ ነው፣ ያልጠበቀ ሰው ያልፈዋል። በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ካሉት ጉጦች አጫጭር ዘለላ ሆኖ ይወጣል። ቀለማም ቅጠል የለውም። ስልክዎን አስጠግተው ፎቶ ያንሱና ያጉሉት። አምስት ክር ወጥቶ ጫፉ ላይ የዱቄት ከረጢት ካለው ወንድ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጎበጥ ያለች ነገር ብቻ ካለች ሴት ናት። እሷ ናት ፍሬ የምትሆነው። ሁለቱም ካሉ ብቻውን የሚያፈራ ነው። የወንዱ አበባ ሽታ ደስ አይልም፤ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አይትከሉት።

የወንዱን ዱቄት ለሴቷ አበባ የሚያደርሱት ንብና ዝንብ ናቸው፣ ነፋስም ያግዛል። ያበበበትን ወር ይጻፉ። በሜዲትራኒያን አገሮች ከመስከረም እስከ ኅዳር ያብባል። የጻፉት ወር የሚጠቅምዎት ለለቀማው ነው።

ለቀማና ማድረቅ

ካሮብ ከአበባ እስከ ብስል ከ10 እስከ 11 ወር ይፈጃል። ጥቅምት ያበበ ዛፍ ፍሬው የሚበስለው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው ማለት ነው፤ ቆጥረው ይዩት። ሜዲትራኒያን አካባቢ ነሐሴ ደረቅ ነው። ፍሬው ዛፍ ላይ ደርቆ ይረግፋል፣ ገበሬው በዘንግ አርግፎ ከመሬት ይለቅማል። እኛ ጋ መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ በማግስቱ ሻጋታ ይይዛል። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይቦካል፣ ትልም ይገባበታል።

ስለዚህ እስኪረግፍ አይጠብቁ። ፍሬው ከአረንጓዴ ሙሉ በሙሉ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ አገዳው አጠገብ ምንም አረንጓዴ ሳይቀር፣ በእጅ ይልቀሙት። በየሦስት አራት ቀኑ ዛፉን ይጎብኙ። ዝናብ ባልጣለበት ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ፍሬው ሲወዛወዝ ዘሩ ውስጡ ከተንኳኳ በጣም ጥሩ። ዛፉን በዘንግ አይደብድቡ። ፍሬው በሚለቀምበት ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው አበባ እዚያው ጉጥ ላይ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ አብሮ ይረግፋል።

የተለቀመውን ቡና እንደሚደርቅበት ዓይነት ከፍ ያለ አልጋ ላይ ይዘርጉ። ከላይ ፕላስቲክ ጣሪያ፣ ከጎን ክፍት ይሁን። አንድ ፍሬ ብቻ በሚያህል ውፍረት ይሰጣ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይገለባበጥ። ዝናቡ ከበረታ ወደ ማድ ቤት ያስገቡት፣ ምድጃው ካለበት ክፍል። ጎንበስ ሲያደርጉት «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታጠፈ ገና ነው። የደረቀው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ለወራት ይቀመጣል።

አንድ ዓመት በደንብ ሰጥቶ በቀጣዩ ዓመት ቢቀንስ አይደንግጡ፣ የዛፉ ጠባይ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ካዩ ደግሞ ሰልፈር መርጨት ይበቃል።

ወደ ማድ ቤት

ለዲብስ 1 ኪሎ ደረቅ ፍሬ ቶሎ አጥበው ይሰባብሩ፣ ዘሩን ያውጡ። በ3 ሊትር ውሃ ነክረው ያሳድሩት። በማግስቱ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ውሃውን በዝግታ እሳት ያፍሉት። አረፋውን እየገፈፉ ያማስሉ። ከማንኪያ ሲወርድ ክር መሳብ ሲጀምር ያውርዱት፣ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍራል። በደረቅ ጠርሙስ ያኑሩት።

ለዱቄት ዘሩ የወጣለትን ፍሬ በምጣድ ላይ በጣም በዝግታ እሳት ያመሱት። ሽታው ቤቱን ሲሞላና ቀለሙ ጠቆር ሲል ይበቃል፤ ካለፈ ይመራል። ሙሉ ለሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ይውቀጡት፣ በወንፊት ይንፉት። ወፍጮ ቤት አይውሰዱት። ወፍጮው ሲግል ስኳሩ ቀልጦ ይጣበቃል፣ የእርስዎም ዱቄት የበርበሬ ሽታ ይዞ ይመለሳል። ዱቄቱ በወተት፣ በዳቦ ሊጥ፣ በጾም ቀን ደግሞ በኦቾሎኒ ቅቤ ይሆናል።

ዘሩን አይጣሉ። ከጣፋጩ ዛፍ የወጣውን ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ ለማዳቀያ የሚሆን ችግኝ ይወጣዋል። የተጠለለውን ዝቃጭና ያልተመረጠውን ፍሬ ላምም በግም ይበሉታል። የሻገተውን ግን ለከብትም አይስጡ፣ ይቅበሩት።